ልጄ ሙዚቃ ልማር አለች፣ አባቷ አኩርፏል

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ አንድ ጉዳይ ላይ ገጠሙ። ሙዚቃን በዲግሪ መማር፣ ያውም ሊበራል አርትስ በሚባሉት፣ ሳይንሱንም ታሪኩንም ጥበቡንም ቀላቅለው በሚያስተምሩት የአሜሪካ ኮሌጆች። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ሌሎቻችሁ አትቀየሙኝ፣ ለእናንተም የሚሆን ነገር እዚያ ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦

«የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጃችን 12ኛ ክፍል ልትገባ ነው። ከ6 ዓመቷ ጀምሮ ፒያኖ ትማራለች፣ ሰንበት ትምህርት ቤትም መዝሙር ታስጠናለች። ውጤቷ ጥሩ ነው፣ ሳይንሱንም ሒሳቡንም ትችለዋለች። እኛ ነርስ ወይም ፋርማሲ ስንል እሷ ሙዚቃ አለች። ኮንሰርቫቶሪ እንኳን አይደለም፤ ትንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ገብቼ ሙዚቃን ሜጀር (ዋና ትምህርት) አደርጋለሁ ነው የምትለው። ባለቤቴ ኡበር ነው የሚነዳው። ‹15 ዓመት መሪ የጨበጥኩት ልጄን አዝማሪ ላደርግ ነው?› ብሎ ይኸው ሳምንት ሙሉ አኩርፏል። እኔ መሃል ቤት ቀረሁ። ይሄ ዲግሪ በእውነት ምንድን ነው? ምን ይማሩበታል? ሲጨርሱስ ምን ይበላሉ?»

እናት ነኝ

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ለባለቤትዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ልጃቸው የመረጠችውና እሳቸው የፈሩት ነገር ለየቅል ነው። አባት የሚፈሩት «ሙዚቃ ብቻ ተምራ ባዶ እጇን ትቀራለች» ብለው ነው። ይሄ ዲግሪ ግን ሙዚቃ ብቻ አይደለም፣ እንዲያውም አብዛኛው ሙዚቃ አይደለም። ልጅቷም ብትሆን በደንብ ያላየችው ነገር ሊኖር ይችላል፣ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሙዚቃ የሚማሩበት የመጀመሪያ ዲግሪ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ባችለር ኦፍ ሚዩዚክ ይባላል፤ ኮንሰርቫቶሪዎች፣ ማለት ለሙዚቃ ብቻ የቆሙ ትምህርት ቤቶች፣ የሚሰጡት ነው። ከአራት ዓመቱ ትምህርት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ሙዚቃ ነው። ሌላው ባችለር ኦፍ አርትስ ነው፤ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች የሚሰጡት በአብዛኛው ይሄን ነው። እዚህ ሙዚቃው ከጠቅላላው ሲሶ ያህል ነው፣ ቢበዛም ግማሽ አይሞላም። የቀረው ባዮሎጂ ነው፣ ታሪክ ነው፣ ስታቲስቲክስ ነው፣ የፈለገችው ነው። ለመመረቅ 120 ክሬዲት ቢያስፈልጋት 40ው ወይም 50ው ሙዚቃ ይሆንና የቀረው ለሌላ ይተርፋታል ማለት ነው። ሁለተኛ ሜጀር ደርባ ብትይዝም ይበቃታል።

ይሄ አካሄድ ለእኛ ባዕድ መሆን አልነበረበትም። የቆሎ ተማሪ ዜማ ቤት የሚገባው ንባብ ቤትን ጨርሶ ነው። ጾመ ድጓውን፣ ድጓውን ከዘለቀ በኋላ ቅኔ ቤት ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ መጻሕፍት ቤት አለ። «ልጁ ዜማ ተማረ፣ በቃ ዘፋኝ ሆኖ ቀረ» የሚለው ሰው የለም። ፈረንጆቹም ጋ ቢሆን ሊበራል አርትስ የሚለው ስም የመጣው በመካከለኛው ዘመን ይማሯቸው ከነበሩት ሰባት ትምህርቶች ነው፤ ሙዚቃ እዚያ ውስጥ የሚቆጠረው ከሒሳብ፣ ከጂኦሜትሪና ከሥነ ፈለክ ጋር ነበር። (አዝማሪን እንደ ስድብ መጠቀማችንን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም፣ ሌላ ቀን ራሱን አስችዬ እመለስበታለሁ።)

ምን ትማራለች ላሉት፦ ቲዎሪ (የሙዚቃ ሰዋስው በሉት) አለ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት የሚወስድና አንዱን ሳያልፉ ወደ ሌላው የማይሄዱበት። የሙዚቃ ታሪክ አለ። በየሳምንቱ ከመሣሪያ መምህሯ ጋር ለብቻዋ የምትገናኝበት ሰዓት አለ። ኳየር ወይም ኦርኬስትራ ወይም ሌላ የቡድን ጨዋታ አለ። መጨረሻ ላይ ሪሲታል (የራሷን የሙዚቃ ዝግጅት) ታቀርባለች፣ ወይም ረጅም ጥናት ትጽፋለች፣ ወይም የራሷን ድርሰት ታሰማለች። ከሁሉም የሚያስለቅሰው ግን ጆሮ ማሠልጠኛው ነው።

እኔ ራሴ ከብዙ ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ነው የተማርኩት፤ ስሙ ይቅር። ኪቦርድ በጆሮዬ እጫወት ነበር፣ የሠርግ ቤት ጀግና ነበርኩ። የመጀመሪያው ቀን መምህሯ ፒያኖው ጋ ቁጭ አለችና አጠር ያለች ዜማ ተጫወተች። «4 ጊዜ እደግመዋለሁ፣ ኖታውን ጻፉ» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ የሚሰማው የእርሳስ ድምፅ ብቻ ነው። አጠገቤ ያለችው ልጅ በሁለተኛው ጨርሳ እርሳሷን አስቀመጠች። እኔ ዜማውን በአንዴ ይዤዋለሁ፣ አንጎራጉር ብትለኝ ሳልሳሳት እወርደዋለሁ፣ ወረቀቴ ላይ ግን አምስቱ መስመር ባዶውን ተጋድሟል። ከ20 ሁለት አገኘሁ። ሁለቱንም የሰጠችኝ ሳታዝንልኝ አይቀርም።

ወሩ አልፎ ሌላ ቀን «ከአገርህ የሆነ ነገር አምጣ» አለችኝ። አንቺ ሆዬን ፒያኖ ላይ መታሁላት። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ተማሪው ሁሉ ፊቱን አጨማደደ። «አሁን ፒያኖውን ተውና ዝፈነው» አለች። ዘፈንኩት። ከዚያ ድምፄን ከቁልፎቹ ጋር አንድ በአንድ ስታስተያየው አንዱ ድምፅ የትኛውም ቁልፍ ላይ አላርፍ አለ፣ በሁለቱ መሃል ተንጠልጥሎ ቀረ። እኔ አፍሬ ላስተካክል ስል «አትንካው!» ብላ ጮኸችብኝ። የቀረውን ክፍለ ጊዜ ሙሉ ስለሱ ተወራ። ፒያኖ ኦክታቩን (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን) 12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል፣ ማሲንቆ ግን ጣት ያረፈበት ቦታ ነው ድምፁ፣ አዝማሪው ደግሞ ጣቱን የሚያሳርፈው በጆሮው ነው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የተሳሳተው የእኔ ጆሮ እንዳልሆነ ገባኝ። እንግዲህ ይሄ ዲግሪ ምንድን ነው ላሉኝ፣ በደህናው ቀን ይሄንን ይመስላል። በክፉው ቀን ከ20 ሁለት ነው።

መንገዱም ለሐበሻ አዲስ አይደለም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ መጀመሪያ ሮቸስተር ኒውዮርክ፣ ኢስትማን የሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነበሩ። በኋላ ግን ዶክትሬታቸውን የያዙት ኮነቲከት ውስጥ ካለው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በፈረንጆቹ 1971 (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ዌስሊያን የታወቀ የሊበራል አርትስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ጋሜላን (የነሐስ መሣሪያዎች ቡድን ሙዚቃ)፣ የደቡብ ሕንድ ዜማና የጋና ከበሮ ከቤቶቨን እኩል የሚሰጥበት ቤት ነው። የእኛው ሰው ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ሊጽፉ እዚያ መሄዳቸው አይገርምም።

አሁን ወደ እንጀራው እንምጣ፣ ይሄኛው ነው ያስጨነቀዎት።

ይሄ ዲግሪ እንደ ነርሲንግ በር ከፍቶ ሥራ ላይ አያስቀምጥም። ይሄን መካድ አልችልም። ባለቤትዎ ምናልባት የዋሊያስ ባንዱን ጋሽ ኃይሉ መርጊያን ያነሱብዎት ይሆናል፤ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተምረው ስንት ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዱ። እውነት ነው። ያንኑ ታሪክ ሲጨርሱት ግን ኪቦርዳቸውን መኪናው ውስጥ ይዘው መንገደኛ ሲጠብቁ ይለማመዱ ነበር፣ በ2013 የድሮ ሥራቸው እንደገና ሲታተም ዓለምን መዞር ጀመሩ። እንግዲህ እሳቸውን ለየትኛው ወገን ምስክር እንደምናቆም ለናንተ ትቻለሁ።

ማወቅ ያለባችሁ ግን እነዚህን ነው። ሕክምና ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ዲግሪው በምን እንደሆነ አይመርጡም፤ ኬሚስትሪውን፣ ባዮሎጂውንና ፊዚክሱን ከወሰደችና የመግቢያ ፈተናውን ካለፈች የሙዚቃ ሜጀር ሆና ሐኪም መሆን ትችላለች። ሕግም እንደዚሁ። ፋርማሲም የሚጠይቃቸውን የሳይንስ ኮርሶች ጎን ለጎን ካስኬደች ይቻላል። ነርሲንግ ግን የራሱ ዲግሪ ያለው ስለሆነ በኋላ ሌላ ትምህርት ይጠይቃታል፣ ሌላ ዲግሪ ላላቸው የተዘጋጀ አጭር ፕሮግራም አለ፣ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል የሚፈጅ። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር ልሁን ካለች ደግሞ ይሄ ዲግሪ ብቻውን አይበቃትም፣ የመምህርነት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ የሙዚቃ መምህርነት ፕሮግራም ያለው ቦታ ከወዲሁ መፈለግ ይሻላል። ሙዚቃ ቴራፒ የሚባልም አለ፣ ሆስፒታልና የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ የሚሠራ። እሱ የራሱ ትምህርት፣ 1,200 ሰዓት የተግባር ልምምድና የብቃት ፈተና አለው። ወይዘሪት ልጅዎ ሰንበት ትምህርት ቤት የምታስጠና ከሆነ ይቺኛዋን ሳትወዳት አትቀርም።

ልጅቷ በደንብ ያላየችው ሊኖር ይችላል ያልኩት ነገር ደግሞ ይሄ ነው። ሐሳቧ መድረክ ላይ የምትወጣ ፒያኒስት መሆን ከሆነ፣ ይሄኛው ዲግሪ ጥሩው መንገድ አይደለም። ኮንሰርቫቶሪ ያለ ልጅ በቀን አራትና አምስት ሰዓት ይለማመዳል። ሊበራል አርትስ ያለ ልጅ የኬሚስትሪ ላብ ሪፖርት ጽፎ ሲጨርስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ መለማመጃ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ አንድ ሰዓት ከተቀመጠ ጀግና ነው። ስለዚህ ይጠይቋት። «ሙዚቃ ትወጃለሽ ወይ?» ብለው አይጠይቋት፣ እሱማ ይታወቃል። ባለፈው ሳምንት ማንም ሳያዛት ስንት ሰዓት ፒያኖ ላይ ተቀመጠች? መልሱ ብዙ ከሆነ ሁለቱንም የሚያጣምር ቦታ አለ። ኦሃዮ ያለው ኦበርሊን ኮሌጅና ዊስኮንሲን ያለው ሎረንስ ዩኒቨርሲቲ ኮንሰርቫቶሪያቸው ግቢያቸው ውስጥ ነው፣ በ5 ዓመት ሁለት ዲግሪ ይዞ መውጣት ይቻላል። ግን ለኮንሰርቫቶሪው ኦዲሽን (ተጫውቶ መፈተን) አለ፣ ዝግጅቱ ደግሞ 12ኛ ክፍል ገብቶ የሚጀመር አይደለም፣ አሁኑኑ ነው።

ለተራው ባችለር ኦፍ አርትስ ግን ብዙ ኮሌጆች ኦዲሽን አያስገድዱም። እንደማንኛውም ተማሪ ታመለክታለች፣ ከፈለገች የተቀረጸ ሥራዋን ታያይዛለች። ታያይዝ! ከ6 ዓመቷ ጀምሮ የከፈላችሁበት ነገር ነው፣ ለምን ይደበቃል።

ገንዘቡ። የግል ኮሌጆቹ ዋጋ ያስደነግጣል፣ ምግብና መኝታ ሲጨመር በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር የሚያልፈው ብዙ ነው። ያንን ቁጥር አይተው ድረ ገጹን አይዝጉት። ደህና የፋይናንስ አቅም ያላቸው ኮሌጆች የሚያስከፍሉት በቤተሰብ ገቢ ልክ ነው፣ አንዳንዴ ለአንድ የኡበር ሹፌር ቤተሰብ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያነሰ ይመጣል። ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ድረ ገጹ ላይ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር የሚባል ማስያ እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድደዋል። ከባለቤትዎ ጋር አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ የታክስ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሙሉት። ግማሽ ሰዓት ነው። ጎን ለጎን ቅርባችሁ ያለውን የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክን አስቡት፣ ሁለቱንም ዓይነት የሙዚቃ ዲግሪ ይሰጣል፣ እናንተ ደግሞ የስቴቱ ነዋሪ ናችሁ። ሊበራል አርትስ ኮሌጅ አይደለም፣ ትልቅ ነው፣ ግን ባችለር ኦፍ አርትሱ ልጅዎ ከምትፈልገው ብዙም አይርቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትንንሽ ኮሌጆች ገንዘብ ሲያጥራቸው ቶሎ የሚቆርጡት ሙዚቃን ነው። ሩቅ ሳይሄዱ፣ ባልቲሞር አጠገብ ያለው ጋውቸር ኮሌጅ በ2018 ሙዚቃንና ቲያትርን (ሒሳብንም ጭምር!) ከሜጀርነት እንደሚያስቀር አስታውቆ ነበር። እኔ በተማርኩበት ቦታም ሦስተኛ ዓመት ላይ ስንደርስ የፒያኖ መምህሬ ለቀቁ፣ በቦታቸው በሳምንት አንድ ቀን ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው ተተካ፣ በረዶ የጣለ ቀን ትምህርት የለም። ስለዚህ ግቢ ልትጎበኙ ስትሄዱ የሚያምረውን ሣርና ቤተ መጻሕፍት አይታችሁ አትመለሱ። የሙዚቃ ክፍሉ ቋሚ መምህራን ስንት ናቸው? ባለፈው ዓመት በሙዚቃ ስንት ተመረቁ? የግል ትምህርቱ ለሜጀሮች ነጻ ነው ወይስ በየሴሚስተሩ ለብቻው ይከፈላል? እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ዘግይቶ ነው የሚነቃው። ምድር ቤት ወርዳችሁም መለማመጃ ክፍሎቹን እዩ። ፒያኖው ቁልፍ የጎደለው፣ ድምፁ የወረደ ከሆነ፣ ኮሌጁ ለሙዚቃ ያለውን ክብር ከዚያ በላይ የሚነግራችሁ የለም።

እና እባክዎ፣ በዚያ ጉዞ ላይ መኪናውን የሚነዱት አባት ይሁኑ።

ጥያቄ፦

«ቨርጂኒያ ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ልቤ ያለው ሙዚቃ ላይ ነው፣ ቢት እሠራለሁ። ኮዲንግ አስጠልቶኛል። ትቼው ወደ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ልዛወርና ሙዚቃ ልማር? ለቤተሰብ ገና አልነገርኩም።»

መልስ፦

ገና አትንገራቸው፣ ገና አትዛወርም። ቲዎሪ በተርታ የሚሄድ ሁለት ዓመት ነው ብዬሃለሁ፣ አሁን ከዜሮ ብትጀምር መመረቂያህ ይገፋል። መጪው ሴሚስተር ላይ እዚያው ዩኒቨርሲቲህ ውስጥ የመጀመሪያውን ቲዎሪና አንድ የቡድን ጨዋታ ውሰድ። ቲዎሪውን ከወደድከው ማይነር (ከዋናው ጎን የሚያዝ ንዑስ ትምህርት) ያዝ፣ ብዙ ጊዜ አምስት ስድስት ኮርስ ነው። ካልወደድከው ደግሞ የምትወደው ሙዚቃ መሥራት እንጂ ሙዚቃ መማር እንዳልሆነ ታውቃለህ፣ ያ ምንም ነውር የለውም፣ ቢትህን ቀጥል።

ኮዲንግ አስጠላኝ ላልከው ግን አንድ ሰው ልጥቀስልህ። ጆን ቻውኒንግ ይባላል። ኦሃዮ ውስጥ ዊተንበርግ የሚባል ትንሽ የሊበራል አርትስ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ የተማረ ሰው ነው። ስታንፎርድ ሄዶ ፕሮግራሚንግ ለመደና በ1967 ኮምፒውተር ላይ ድምፅ ሲያንቀጠቅጥ ኤፍኤም ሲንተሲስ የሚባለውን ድምፅ የመፍጠሪያ ዘዴ አገኘ። ያማሃ የመጠቀሚያ ፈቃዱን ወሰደ። በ1983 ዲኤክስ7 ሆኖ ወጣ። ዲኤክስ7 ማለት የሰማንያዎቹ ኪቦርድ ነው በቃ፤ ጋሽ ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮናቸውን ይዘው ዋሽንግተን ውስጥ ሲቀርጹ አብሯቸው የነበረው እሱ ነው። የሙዚቃ ልጅ ኮድ ባይማር ኖሮ ያ ድምፅ አይኖርም ነበር። አንተ ግማሹን መንገድ ሄደሃል፣ ከዚያ ልትመለስ ነው?

ጥያቄ፦

«ሰው ለመዝፈን ዲግሪ ምን ያደርግለታል? ጥላሁን ዲግሪ ነበረው? ሙላቱ ዲግሪ ነበረው? ችሎታ ከፈጣሪ ነው። ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ንግድ ነው።»

መልስ፦

ጥላሁን አልነበረውም። እሱን የሠራው ሀገር ፍቅርና የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነው፣ እነሱም ትምህርት ቤት ናቸው፣ ያውም ጥብቅ። ሙላቱ አስታጥቄን ባያነሷቸው ግን ይሻል ነበር። ቤተሰብ ምሕንድስና እንዲማሩ ዌልስ ላካቸው፣ እሳቸው ሙዚቃ ውስጥ ገቡ፣ ከዚያ ለንደን ትሪኒቲ፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ፣ ሁለቱም የሙዚቃ ኮሌጆች። በርክሊ የተማሩ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ይባላሉ። ኢትዮ ጃዝ የሚባለው ነገር ቅኝቶቻችንን ከበርክሊው ሃርመኒ ጋር ቁጭ አድርጎ ከማስታረቅ የመጣ ነው፣ ከሰማይ አልወረደም። ንግድ ነው ላሉት ግን ግማሹን እስማማለሁ፣ ከላይ ዋጋውን አይተውታል።

በተቃራኒው የሄዱም አሉ። መክሊት ሀደሮ ዬል ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ፖለቲካል ሳይንስ ነው፣ ዛሬ የምናውቃት በሙዚቃዋ ነው።

ጥያቄ፦

«ሰላም ጋሼ። አዲስ አበባ ነኝ፣ 12ኛ ክፍል ዘንድሮ እጨርሳለሁ። ማሲንቆ እጫወታለሁ፣ አያቴ ናቸው ያስተማሩኝ። ኖታ አላነብም። እንግሊዝኛዬ ደህና ነው፣ ውጤቴም ከክፍሌ ከሦስቱ አንዱ ነኝ። አሜሪካ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ሙዚቃ በስኮላርሺፕ መማር ይቻላል? ወይስ ሕልም ነው? ብር የለንም።»

መልስ፦

ይቻላል፣ ግን ጠባብ ነው። ለውጭ አገር ተማሪ አብዛኛው ኮሌጅ የገንዘብ አቅምህን አይቶ ነው የሚወስንብህ። ጥቂቶች ግን ሲመርጡ ብር አለህ የለህም አይሉም፣ ከወሰዱህም የጎደለህን ይሞላሉ። ከትንንሾቹ ኮሌጆች አምኸርስትና ቦውዱን እንዲህ ናቸው። ለመግባት በጣም ከባድ ናቸው፣ ከመላው ዓለም ነው የሚጋፋቸው። ኬንተኪ ውስጥ ደግሞ በሪያ ኮሌጅ አለ፣ ከተማሪ የትምህርት ክፍያ የማይቀበል፣ ሁሉም ተማሪ ግቢው ውስጥ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት የሚሠራበት። ሙዚቃ ሜጀርም አለው። እሱን ሳታይ እንዳታልፍ። «ስኮላርሺፕ አስገኝልሃለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅህን ደላላ ግን ሰላም እንኳ አትበለው። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው፣ የማመልከቻ ክፍያም ችግርህን ገልጸህ ስትጠይቅ ብዙ ቦታ ይቀርልሃል። የብዙዎቹ የመጨረሻ ቀን ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ገደማ መሆኑ ነው፤ በገናው ሽርጉድ እንዳያልፍህ።

ኖታ አለማንበብህ አያስቀርህም። ሊያሳፍርህም አይገባም፣ እኔን አይተሃል። ግን እስከዚያው ተማረው፣ ስድስት ወር በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ተቀበል፦ እዚያ ማሲንቆ የሚያስተምርህ ሰው አታገኝም። አንተው ነህ መምህሩ። እነሱ ቫዮሊን ወይም ድምፅ ያስይዙሃል፣ ወይም ወደ ድርሰት፣ ወይም የሕዝቦችን ሙዚቃ ወደሚያጠናው ክፍል ትሄዳለህ። መሣሪያዬን ብቻ ነው የምፈልገው ካልክ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆን በዲግሪ ይሰጣል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፣ ደጅህ ነው። እውነቱን ንገረኝ ካልከኝ ሁለቱም ጋ አመልክት።

ለቀረጻው ስልክህ ይበቃል። ሁለት ሥራ፣ ሁለቱ ተደምረው ከ10 ደቂቃ አይብለጡ። አንዱ ቀስ ያለ ትዝታ ይሁን፣ ሌላው ፈጠን ያለ፣ ባቲም ቢሆን አንቺ ሆዬም ቢሆን። የሚሰማው ሰው ማሲንቆ አይቶ አያውቅም ብለህ አስብ። ስለዚህ አንድ አንቀጽ ጽፈህ አያይዝ፦ አንድ ጅማት ያለው፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ፣ ከአያትህ የተማርከው። ስለ አያትህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምርበት፣ ያ ከውጤትህ የማይተናነስ ነገር ነው።

ሰዓቱን አስብበት። ንጋት ላይ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ አለ፣ ቀን የወያላ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» አለ፣ ማታ ውሻ። እኔ ብሆን እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው የምመርጠው፣ ሰፈሩ ምሳ በልቶ ሲተኛ። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ስቀልበት። ስልኩን ሁለት ሜትር አርቀህ የሆነ ነገር ላይ አስደግፈው፣ ሰው እጅ ላይ አይሁን። ጣትህና ደጋኑ ሁለቱም ይታዩ። ስትሳሳት ቆርጠህ አትቀጥለው፣ ያስታውቃል፤ ከመጀመሪያው ጀምረህ ድገመው።